በባሕር ዳር የተከታተልኩት የሳክስፎን ትምህርት፦ ስምንት ቅዳሜ ስለ ምላስ

ከመራዊ ባሕር ዳር እየተመላለስኩ ለስምንት ቅዳሜዎች የተከታተልኩት የግል የሳክስፎን ትምህርት ያተኮረው በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ኖታዎችን በምላስ ለይቶ ማውጣት። ከዚያ በፊት አልቶ ሳክስፎን ለሦስት ዓመት ስነፋ እያንዳንዱን ድምፅ የምጀምረው በትንፋሽ ግፊት ብቻ ስለነበር፣ ፈጣን ዜማ ሲመጣ ኖታዎቹ እርስ በርስ ይጨፈለቁብኝ ነበር።

መምህሩ በመጀመሪያው ቀን ያስረዱኝ ነገር ብቻውን የከፈልኩትን ገንዘብ ግማሽ ያወጣል። ምላስ ሪዱን (እየተንቀጠቀጠ ድምፅ የሚፈጥረውን ስስ የሸምበቆ ቁራጭ) መምታት ሳይሆን መልቀቅ ነው ሥራው፤ ትንፋሹ ሳይቋረጥ እየገፋ፣ የምላስ ጫፍ የሪዱን ጫፍ በስሱ ሲነካው ንዝረቱ ይቆማል፣ ሲለቀው ድምፁ ይወጣል። ትንፋሹ እንደ ማሲንቆ ደጋን ሳያቋርጥ መሄድ አለበት።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን አማርኛ ተናጋሪነታችንን ያገናዘበው ማብራሪያ ነው። ጠንካራ አጀማመር ስንፈልግ ሳይታወቀን በአፋችን «ጠ»ን እናስባለን፤ «ጠ» ስንል ደግሞ ጉሮሯችን ለቅጽበት ስለሚዘጋ ከሳንባ የሚመጣው አየር ይቋረጣል፣ ድምፁም ታንቆ ይጀምራል። ጉሮሮ ክፍት የሚሆነው «ደ» ወይም «ተ» ሲታሰብ ነው። ይህንን ልዩነት ያለ መሣሪያ፣ በአፌ ብቻ ደጋግሜ ስሞክረው የሦስት ዓመት ችግሬ የት እንደነበረ ገባኝ።

ልምምዱ አሰልቺ ነው፤ መሆንም አለበት። ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር መሣሪያ) በደቂቃ 60 ምት ላይ ተደርጎ፣ «ሶል»ን ብቻ በአንድ ምት አራት ጊዜ፣ አገጭ እንዳይንቀሳቀስ በመስታወት እየተመለከቱ መንፋት ነው። ዝቅተኞቹ ኖታዎች አሁንም ያስቸግሩኛል፤ ምላሴ ትንሽ ከከበደ ድምፁ ወደ ላይኛው ኦክታቭ (ቀጠን ወዳለው ተመሳሳይ ኖታ) ይዘልላል።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። ነጠላው የምላስ አጠቃቀም ሳይደላደል በስድስተኛው ሳምንት «ተ-ከ» እየተባለ የምላስ ጫፍና ጀርባ በማፈራረቅ የሚሠራው ድርብ አጠቃቀም መጀመሩ ችኮላ ነበር፤ ማውዝፒሱ (የሚነፋበት ጫፍ) አፍ ውስጥ ስለሚገባ ይህ ስልት ለሳክስፎን ከትራምፔት ይልቅ ይከብዳል። ሁለተኛው ይብሳል፦ ከትዝታም ሆነ ከአምባሰል የተወሰደ አንድም ልምምድ አልነበረም። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በቴነር ሳክስፎን ባሰሙበት አገር፣ ያውም ፉከራና ሽለላ በየሠርጉ በሚሰማበት ጎጃም፣ ቃሉ ሲጀመር ምላስ፣ ድምፁ ሲጎተት ትንፋሽ እንዴት እንደሚያገለግሉ ሳያሳዩ ማለፍ ትልቅ ጉድለት ነው። ስጠይቃቸው «መሠረቱ ይቅደም» አሉኝ።

ክፍያው ለስምንቱ ክፍለ ጊዜ 4,800 ብር ሲሆን ሪድ ተማሪው ራሱ ይዞ ይመጣል። መሣሪያ ገና ለሚጨብጥ ሰው አልመክረውም፤ ጥቂት ዓመት ነፍቶ ፍጥነት ላይ ለተቸገረ ግን የመጀመሪያዎቹ አምስት ሳምንታት ይበቁታል።