ለሚያመው ቁርጭምጭሚት ጫማና ብሬስ (ደጋፊ ማሰሪያ) ስትገዙ፦ የቱ ለየትኛው እግር?

ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ አራት ጊዜ ወለም ብሎኛል። አራቱም ሩጫ ላይ። የመጀመሪያው በሁለት ሳምንት ተሻለኝ ብዬ ተነስቼ ሮጥኩ፣ ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንደዛው፣ ከአራተኛው በኋላ ግን ጠዋት ከአልጋ ስወርድ እግሬ እንደ እንጨት ይደርቅብኝና ደረጃውን በጎን መውረድ ጀመርኩ። ራጅ ስነሳ አርትራይተስ፣ ማለትም የመገጣጠሚያ በሽታ፣ ነው ተባልኩ። መሮጥ አላቆምኩም። ግን ሩጫውን ለመቀጠል ብዬ ከገዛሁት ዕቃ ግማሹ ምንም አልጠቀመኝም፣ አንዱ ጫማ ደግሞ ጭራሽ አባብሶብኛል። ይህን የምጽፈው እንደኔ እግራቸው እየተመላለሰ ወለም ብሏቸው አሁን "የቱን ልግዛ?" ለሚሉ ነው።

መጀመሪያ የራሳችሁን እግር እወቁ

የዳሌና የጉልበት አርትራይተስ ብዙ ጊዜ ያለ ምንም ጉዳት፣ ከዕድሜ ጋር ይመጣል። የቁርጭምጭሚት ይለያል። አብዛኛው የድሮ ጉዳት ውጤት ነው፤ ስብራት ወይም የተደጋገመ ወለምታ። በውጭ በኩል ያሉት ጅማቶች አንዴ ከተለጠጡና በደንብ ካላገገሙ፣ መገጣጠሚያው በየእርምጃው ትንሽ ትንሽ ይንሸራተታል፣ ያ መንሸራተት ደግሞ የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነውን ካርቲሌጅ ቀስ እያለ ይበላዋል። ሽፋኑ ደግሞ ሲጀመርም ስስ ነው። ጉልበት ላይ ቦታ ቦታ እስከ 6 ሚሊ ሜትር ሲወፍር፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

ስለዚህ እኛ ጋ ያለው ችግር አንድ አይደለም። እግሩ ወደ ፊት ሲታጠፍ ግትር ነው፣ ወደ ጎን ደግሞ የላላ ነው። ለግትርነቱ የሚሆነው ዕቃ መላላቱን ሊያባብስ ይችላል፣ ለመላላቱ የሚሆነውም ግትርነቱን። ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

የትኛው እንደሚያመዝንባችሁ ቤት ውስጥ ማወቅ ትችላላችሁ። ጫማ አውልቁና ግድግዳ ፊት ቁሙ። ተረከዛችሁን ከመሬት ሳታነሱ ጉልበታችሁን ግድግዳው ላይ አስነኩ። ከዛ እግራችሁን በትንሽ በትንሹ ወደ ኋላ እያራቃችሁ፣ ጉልበት መንካት የሚችልበትን የመጨረሻ ቦታ ፈልጉና ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ ግድግዳ ያለውን ለኩ። ጤነኛ እግር ብዙውን ጊዜ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። የእኔ ግራ 11 ነው፣ ቀኙ 6። በሁለቱ መካከል ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ ግትርነት አለ ማለት ነው፣ በተለይ ሲታጠፍ ከፊት በኩል ቆንጠጥ የሚያደርግ ነገር ከተሰማችሁ። ቀጥሎ በአንድ እግር ቆማችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ሁለቱንም እግር በየተራ። የተጎዳው ቶሎ ከተንገዳገደ፣ ወይም ለጥ ባለ መንገድ ላይ ስትሄዱ ድንገት የሚከዳችሁ ከሆነ፣ መላላቱ ነው የሚያመዝነው። ሁለቱም ያለበት ብዙ ሰው ነው። እኔም እንደዛው ነኝ።

ወፍራም ሮከር ሶል ከመደበኛው ጫማ

ሮከር የሚባለው ሶሉ ከፊት እንደ ጀልባ ወደ ላይ የተጠማዘዘው ነው። እግር ራሱ ሳይታጠፍ ጫማው ያንከባልለዋል። ሆካ ቦንዳይን የመሰሉ ጫማዎች እዚህ ይመደባሉ። ለግትር ቁርጭምጭሚት ይህን የሚያህል ነገር አላገኘሁም፤ መገጣጠሚያው መታጠፍ ያለበትን መጠን ይቀንስለታል፣ ወደ ፊት ሲገፋ የሚሸከመውንም ጫና እንደዛው። የመጀመሪያውን ቀን አስታውሳለሁ። ሁልጊዜ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ የሚጀምረኝ ከፊት በኩል የሚወጋ ነገር አልመጣም፣ እስክጨርስ ድረስ ስጠብቀው ነበር።

ግን ጉድለቱን ልንገራችሁ። ከፍ ያለ ነው፣ ለስላሳም ነው። ከመሬት በራቃችሁ ቁጥር ጠጠር ስትረግጡ ወደ ጎን የመገልበጥ ዕድሉ ይጨምራል። እኔን ያባባሰብኝ ጫማ እንዲህ ዓይነቱ ነበር፤ ከፍተኛ፣ በጣም ለስላሳ፣ ከተረከዝ በኩል ደግሞ ጠባብ። ስለዚህ ሮከር ስትገዙ ከስር ገልብጣችሁ እዩት። ተረከዙ ጋ ሰፋ ያለ መሆን አለበት፣ እግራችሁም ፎሙ (ለስላሳው የሶሉ ክፍል) ላይ የተቀመጠ ሳይሆን ፎሙ ውስጥ ገባ ያለ ይሁን፣ ጠርዙ እንደ ሳህን ከፍ ብሎ የሚይዝ። በእጃችሁ ተረከዙን ከግራና ከቀኝ ጫን ጫን አድርጉት፣ በቀላሉ ከታጠፈ ተዉት።

መደበኛው ጫማ፣ ማለትም መካከለኛ ውፍረት ያለው፣ ከፊት የሚታጠፍ፣ ተረከዙ ከጣቱ ከ8 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ከፍ ያለው፣ መሬቱን በተሻለ ያሳውቃችኋል። ይህ የተረከዝና የጣት ከፍታ ልዩነት ድሮፕ ይባላል። ለምሳሌ ብሩክስ ጎስት ለብዙ ዓመት 12 ሚሊ ሜትር ነበር። ከፍ ያለ ድሮፕ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ፊት ብዙ እንዳይታጠፍ ስለሚያግዝ ለግትር እግር እሱም ራሱ እፎይታ ነው። ጉልበት የሚያማችሁ ከሆነ ግን ጫናው ትንሽ ወደዛ እንደሚሄድ አስቡበት። ዋናው ችግራቸው መላላት ለሆነ ሰዎች ከወፍራሙ ሮከር ይልቅ ይህን እመርጥላቸዋለሁ።

ዜሮ ድሮፕ፣ እንደ አልትራ ያለው፣ ለግትር ቁርጭምጭሚት አይሆንም። ተረከዙ ሲወርድ መገጣጠሚያው የግድ ይበልጥ ይታጠፋል፣ የተረከዝ ጅማትም ይወጠራል። የግድግዳው ልኬታችሁ ከጤነኛው እግር ጋር እኩል ከሆነና ችግራችሁ መላላት ብቻ ከሆነ ልትሞክሩት ትችላላችሁ፣ በጣም ቀስ ብላችሁ። የካርቦን ፕሌት (ሶሉ ውስጥ የገባ ስስና ጠንካራ ዝርግ) ያላቸውን የውድድር ጫማዎች ለዕለት ልምምድ እርሷቸው፤ ከፍ ያሉና ጠባብ ናቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ያሳስታል። "ስታቢሊቲ" የሚል ጫማ ስታዩ ለላላ ቁርጭምጭሚት የተሠራ ይመስላችኋል። አይደለም። እሱ የተሠራው እግራቸው ወደ ውስጥ ለሚወድቅ ሰዎች ነው፣ ብዙዎቹ በውስጥ ጎን ጠጠር ያለ ፎም አላቸው። የኛ እግር የሚገለበጠው ወደ ውጭ ነው! ከውስጥ የሚገፋ ነገር ጭራሽ ወደዛው ሊያዘነብለው ይችላል። ስሙን ሳይሆን ሶሉን እዩ።

ብሬስ፦ አራቱን ጎን ለጎን

ካልሲ የሚመስለው ላስቲክ ርካሽ ነው፣ ይሞቃል፣ ጠዋት ለሚደርቅ እግር ደስ ይላል፣ እብጠትም ትንሽ ይይዛል። እግር ሲገለበጥ ግን አያቆመውም። ያንን አውቃችሁ ግዙት።

ቴፕ፣ ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ማሰሪያ፣ በደንብ የሚያስር ሰው ካገኘ ከሁሉም ልክክ ብሎ ይቀመጣል፣ ማንኛውም ጫማ ውስጥም ይገባል። ግን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ከተሮጠ በኋላ ጥብቀቱ በጣም ይቀንሳል፣ ቆዳ ይልጣል፣ በየቀኑም መግዛት አለባችሁ። ለውድድር ቀን እሺ፣ ለሳምንት ልምምድ አይሆንም።

በክር የሚታሰረው ብሬስ፣ ከጨርቅ የተሠራውና በስምንት ቁጥር ቅርጽ የሚጠመጠሙ ማሰሪያዎች ያሉት፣ ለሯጭ የእኔ ምርጫ ነው። በ2011 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 1,460 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾችን ተከታትሎ፣ ይህን ዓይነት ብሬስ ያደረጉት በቁርጭምጭሚት የተጎዱት ካላደረጉት አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። የተጎዳ ሰው ግን የጉዳቱ ክብደት ያው ነበር። ኳስ እንጂ ሩጫ አይደለም፣ አርትራይተስም የለበትም፣ ግን ወለምታን ስለመከላከል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ያለው ዕቃ ብዙ የለም። ጉድለቱ ለመታሰር ጊዜ መውሰዱና ወደ ፊት መታጠፍንም ትንሽ መያዙ ነው። ለኛ ያ መያዝ አንዳንዴ ጥቅም ነው፣ ሲታጠፍ የሚያመውን መጨረሻ ቦታ እንዳይነካ ያደርገዋል።

ከጎንና ከጎን ጠንካራ ፕላስቲክ ያለው ብሬስ የጎን መገልበጥን በጣም በደንብ ይይዛል። ማጠፊያ ያለው ዓይነት ከሆነ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንደልብ ያስኬዳል። በጣም ለላላ እግር ይህ ይሻላል። ግን ጫማ ውስጥ ቦታ ይወስዳል፣ ረጅም ሩጫ ላይ ደግሞ የቁርጭምጭሚት አጥንቷን ይከረክራል። እኔ አንድ ሰዓት ሲሞላ ሁልጊዜ እዛች አጥንት ላይ ቀይ ክብ ይወጣልኝ ነበር፣ ወፍራም ካልሲ ከስር አድርጌም አልጠፋም።

ብሬስ እግር ያሰንፋል የሚሉ አሉ። እግር የሚያሰንፈው ልምምድ መተው ነው። በአንድ እግር መቆሙን በየቀኑ ጥርስ ስትቦርሹ አድርጉት፤ የሚመላለስ ወለምታን እንደሚቀንስ በደንብ የታወቀ ነገር ነው፣ አንድ ሳንቲምም አይጠይቅም።

የተረከዝ ከፍታ ወይስ አዲስ ጫማ?

አሁን ያላችሁ ጫማ ደህና ከሆነና ችግራችሁ ግትርነት ከሆነ፣ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ተረከዝ ስር የምትገባዋን ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የምትሆን ጠንከር ያለች ከፍታ ሞክሩ። በጣም ርካሽ ነው። ሁለቱም ጫማ ውስጥ አድርጉ፣ አንዱ ብቻ ከሆነ ወገብ ይዛባል። ተረከዛችሁ ከፍ ሲል ግን የጫማው ጀርባ የሚይዘው ቦታ ይቀንሳል፣ እግር ይንሸራተታል። የመጨረሻዋን የክር ቀዳዳ ተጠቅማችሁ ከላይ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ካልያዘ ተዉት። ጄል የሆነውን አትግዙ፣ ይዋልላል።

ስትገዙ

ብሬሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ ብሬስ፣ ከዛ ጫማ፤ በተቃራኒው አይደለም። ብሬስ ያለበት እግር ብዙ ጊዜ ግማሽ ቁጥር ከፍ ያለ ይፈልጋል። ከሰዓት በኋላ ሞክሩ፣ እግር አበጥ ባለበት ሰዓት። ከተቻለ ደረጃ ወርዳችሁ እዩ፤ ደረጃ መውረድ ቁርጭምጭሚቱን ወደ ፊት ስለሚያጥፈው፣ ለጥ ባለ ወለል ላይ ወዲያ ወዲህ ከማለት የበለጠ ይነግራችኋል።

ለግትር እግር ሰፊ ሮከር፣ ብሬስ ሳይጨመርበት ወይም ከላስቲኩ ጋር። ለላላ እግር መደበኛ ጫማ ከጠንካራው ብሬስ ጋር። ሁለቱም ላለበት፣ እንደኔ፣ ሰፊ መሠረት ያለው ሮከር በክር ከሚታሰረው ብሬስ ጋር። ከዚህ ጋር አሁን በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለጥ ባለ መንገድ፣ ሶምሶማ እሮጣለሁ። ዳገት ትቻለሁ።

አዲሱ ዕቃ መጥቀሙን የምታውቁት በሩጫው ሰዓት ሳይሆን በማግስቱ ጠዋት ነው። ስትሮጡ ከአስር ነጥብ ሦስት ድረስ የሚሆን ሕመም ልትታገሡ ትችላላችሁ፣ ግን ጠዋት ድርቀቱ ከወትሮው ከበለጠ ወይም ካበጠ ሩጫው በዝቷል። ማስታገሻ ውጦ መሞከር ይህን መልስ ያጠፋባችኋል፣ እባካችሁ አታድርጉት። መገጣጠሚያው ተቆልፎ አልላቀቅ ካለ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ ካስነሳችሁ ግዢውን ተዉትና ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ራጁንም ቆማችሁ ተነሱ። ተኝታችሁ የተነሳ ራጅ የመገጣጠሚያውን መጥበብ ሊደብቅ ይችላል።

ጫማው ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያገለግላል ይባላል። ለኛ ከዛም ሊያንስ ይችላል። በወር አንዴ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ከኋላ በኩል በዓይን ደረጃ እዩት። የውጭው ጎን ተጨፍልቆ ጫማው ወደ ውጭ ካዘነበለ፣ ከላይ አዲስ ቢመስልም ቀይሩት።