ከቡፌው እግር ሥር ችግሩን ላገኘልን ባለሙያ

ቤታችን ኢንተርኔት የገባው በግንቦት መጀመሪያ ነው፤ ገባ ማለት ከተቻለ። ሠራተኞቹ ቀጭኗን የፋይበር ገመድ ከኮንዶሚኒየሙ መተላለፊያ ስበው ሳሎን አስገቡ። ግድግዳው ላይ ሳይመቱ ወለሉ ላይ እንደተጋደመች ተዋትና አረንጓዴውን መብራት አሳይተውን ሄዱ። እኛም ቡፌውን ወደ ቦታው መለስን። በማግስቱ ጠዋት ራውተሩ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሥራዬ ስልክ መደወል ሆነ። መስመሩን ስጠብቅ የሚያሰሙኝን ሙዚቃ በቃሌ ያዝኩት። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት።» አጠፋሁ፣ አበራሁ። ቅሬታዬ ሰባት ጊዜ ተመዘገበ፤ ባለሙያ ግን አልመጣም። የወሩ ክፍያ ብቻ ቀኑን አልሳተም።

በመጨረሻ ጎረቤቴ በግሉ የሚሠራ አንድ ወጣት ጠቆመችኝ። ከቀጠሮው አንድ ሰዓት ዘግይቶ መጣ፤ ይህንንም ሳልናገር አላልፍም። ራውተሩን አላጠፋም፣ አላበራም። ተንበርክኮ ገመዷን በሁለት ጣቱ እየዳሰሰ ከበሩ ጀምሮ ተከተላት። ቡፌው ጋ ሲደርስ ቀና አለና «እናቴ፣ ይህን ቡፌ ማን ነው ያንቀሳቀሰው?» አለኝ። ባለቤቴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ገመዷ በቡፌው እግር ተጨፍልቃ ኖሯል። ፋይበር ውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስታወት ነው፤ በውስጡ የሚሄደው ብርሃን ስለሆነ ሲታጠፍ ብርሃኑ ይባክናል፣ ሲሰበርም ይቋረጣል። ይህን እያስረዳኝ የሚደርሰንን ብርሃን ጥንካሬ ኪስ በምታህል መለኪያ ለካው፤ ከዜሮ በታች 33። ቁጥሩ ከዜሮ በታች በወረደ መጠን ብርሃኑ ደካማ ነው፤ ከዜሮ በታች ከ27 ካለፈ ራውተሩ በቅጡ አይቀበለውም አለኝ። የተጎዳውን ጫፍ ቆረጠ፣ ልባሱን ላጠ፣ በአልኮል ወለወለና አዲስ ማያያዣ ገጠመለት። እንደገና ሲለካው ከዜሮ በታች 19 ሆነ፤ ቀዩም መብራት ጠፋ።

እኔን የማረከኝ ግን ከዚህ በኋላ ያደረገው ነው። የተቆረጡትን የመስታወት ስንጣሪዎች በፕላስተር እያነሳ ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ከተታቸው፣ ከዚያም በስልኩ መብራት ወለሉን ስንዝር በስንዝር ፈተሸ። «ዓይን አያያቸውም፤ የሕፃን እግር ግን ያገኛቸዋል» አለኝ። የልጅ ልጄ ገና በዳዴ እንደምትሄድ ማንም አልነገረውም፤ ምንጣፉ ላይ አሻንጉሊቷን አይቶ ነው።

ገመዷ ስላጠረች ራውተሩ ከቡፌው ጀርባ ወጥቶ መደርደሪያው ላይ ተቀመጠ። ለካስ ከመጀመሪያውም ቦታው እዚያ ነበር፤ አሁን መኝታ ቤት ድረስ ይደርሳል።

ስሙንና ስልኩን ሳላስፈቅደው አልለጥፍም። የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ እሱን ጠይቄ እሰጣለሁ። ሰሚት አካባቢ ላላችሁ ቅርብ ነው። ስትቀጥሩት ግን ቡፌና ሶፋችሁን አስቀድማችሁ ከግድግዳው አርቁለት፤ እኛ ቤት ብቻውን ነው የገፋው።