«ሙሉ ኤርብረሽ ከነኮምፕረሰሩ» ሲሏችሁ ቶሎ አትክፈሉ

ደሴ ላይ ኤርብረሽ (በአየር ግፊት ቀለም የሚረጭ እንደ እስክሪብቶ የሚያዝ መሣሪያ) ለመጀመር ያሰባችሁ ይቺን አንብቡ። እኔ 8,500 ብር ከፍዬበታለሁ።

ሐሳቤ ቤት ቁጭ ብዬ ጫማና ሄልሜት መቀባት ነበር። ቴሌግራም ላይ «ደብል አክሽን፣ 0.3 ኖዝል፣ ከነኮምፕረሰሩ» የሚል ማስታወቂያ አየሁና (ኖዝል ቀለሙ የሚወጣበት ቀዳዳ ነው፣ 0.3 ስፋቱ በሚሊሜትር፤ ኮምፕረሰር አየሩን የሚነፋው ሞተር) ከሚሸጠው ልጅ ጋር ፒያሳ ተገናኘን። ካርቶኑን ከፍቶ አሳየኝ። «አብሽር ወንድሜ፣ ሰክተህ መቀባት ነው» አለኝ። መንገድ ላይ ስለነበርን አልሞከርነውም። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ቤት ገብቼ ቁልፉን ስጫን አየርና ቀለም አንድ ላይ ቡፍ አለ። ደብል አክሽን እኮ ወደ ታች ስትጫኑት አየር ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ቀለሙ የሚመጣው ወደ ኋላ ስትስቡት ነው። የተሸጠልኝ ሁለቱንም አንድ ላይ የሚለቀው ሲንግል አክሽን ነው። ሰፋ ያለ ቦታ ለመሙላት ይሆናል፣ ጥላ ለማውጣት ግን መከራ ነው።

ኮምፕረሰሩ ደግሞ ባሰ። ትር ትር እያለ ይነፋል፣ ቀለሙም እየተቆራረጠ ይረጫል። አስር ደቂቃ ሳይሞላ አይነካም፣ ይፋጃል። ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ መኪና ለሚቀቡ አንድ ጋሼ አሳየኋቸው። ገልበጥ አድርገው አዩትና ሳቁ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ጎማ መንፊያ ነው!»

ለካ ግፊት መቆጣጠሪያም ውሃ ማጣሪያም የለውም። ኤርብረሽ በአብዛኛው የሚሠራው ከ15 እስከ 30 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ባለው ግፊት ነው። ማጣሪያ ከሌለ ደግሞ አየሩ የያዘው እርጥበት ቱቦው ውስጥ ውሃ ሆኖ ቀለሙ ላይ ጠብ ይላል። የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ። ኮምፕረሰሩ አሁን የጎረቤቴን ባጃጅ ጎማ እየነፋ ነው፤ ለሱ እንኳን ደህና ነው።

የኤርብረሹ መርፌም (ቀለሙን የሚከፍትና የሚዘጋው) ጫፉ ጎብጦ ነው የመጣው። ኤርብረሹን በጋራዥ ቲነር ሳጥበው የውስጥ ጎማዎቹ አብጠው ተጣበቁ። ቴፍሎን (ቲነር የማይጎዳው ፕላስቲክ) ቢሆኑ ይችሉት ነበር። (በነገራችን ላይ ከሰል በተያያዘበት ክፍል ውስጥ ቲነር ያለበት ቀለም እንዳትረጩ። ቡናው ይቆይ።)

ለሸጠልኝ ልጅ ስደውልለት «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለኝ። በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ ማስቀየር ወይም ገንዘብ ማስመለስ ይቻላል። ግን በምን ላስረዳ? ደረሰኝ አልተቀበልኩም።

ስለዚህ ሶኬት ያለበት ቦታ ተገናኙ። ውሃ ጨምራችሁ ካርቶን ላይ እርጩ፤ ከነጠብጣብ ይልቅ ወጥ መስመር መውጣት አለበት። መርፌውን አውጥታችሁ ጫፉን ጥፍራችሁ ላይ ቀስ ብላችሁ አንሸራቱት፤ ከጫረ ጎብጧል። ኮምፕረሰሩ ላይ የግፊት ማንበቢያና ማስተካከያ ፈልጉ።

ልጁ ትናንት ያንኑ ፎቶ እንደገና ለጥፎታል። ዋጋው 9,200 ገብቷል።