ለ7950ኤክስ የውሃ ማቀዝቀዣ ከመግዛታችሁ በፊት ኬዛችሁን ለኩ

ሥራዬ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ነው። ኮምፒውተሬ ባለ 16 ኮሩ ራይዘን 9 7950ኤክስ ነው። ይሄ ፕሮሰሰር ሲጨነቅ እስከ 230 ዋት ይበላል። የድሮው የውሃ ማቀዝቀዣዬ፣ ራዲያተሩ (ውሃው ሙቀቱን የሚያስወጣበት ክፍል) ባለ 240 ሚሊሜትር የሆነው፣ አልቻለውም። ሬንደር (የመጨረሻውን ቪዲዮ ማውጣት) ገና ሲጀምር ፕሮሰሰሩ 95 ዲግሪ ይነካል፣ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ፓምፑም እንደ ሺሻ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። 95 ዲግሪ ራሱ አያስደነግጥም፤ ፕሮሰሰሩ እዚያ ድረስ እንዲሠራ ነው የተሠራው። እኔን ያማረረኝ የፍጥነቱ መውረድና ጩኸቱ ነው።

ስለዚህ ባለ 360ውን የውሃ ማቀዝቀዣ አርክቲክ ሊኩይድ ፍሪዘር 3 ከዱባይ በሚመጣ ዘመዴ አስመጣሁ። ወድጄዋለሁ። ፋኖቹ ራዲያተሩ ላይ ታስረው ነው የሚመጡት፣ ፕሮሰሰሩና ማቀዝቀዣው መሃል የሚቀባው ፔስትም አብሮ አለ፣ ፓምፑ ላይ ያለችው ትንሽ ፋን ደግሞ ማዘርቦርዱን ታናፍሳለች። ግን ወፍራም ነው! ራዲያተሩ ብቻ 38 ሚሊሜትር፣ ከፋኑ ጋር 63። ሳልለካ ላይኛው ጣሪያ ላይ ልሰቅለው ስል ከራሙ ጋር ተጋጨ፤ አንድ ምሽት ሙሉ ስፈታና ስገጥም አመሸሁ። በመጨረሻ የኬዙ ፊት ላይ አሰርኩት። እዚያ ስታስሩት የራዲያተሩ የላይኛው ጫፍ ከፓምፑ ከፍ ማለቱን እዩ፤ አለበለዚያ አየር ፓምፑ ውስጥ ይገባና ያ ቡልቅታ ይመለሳል።

ፋን ልቀይር ብዬ የኖክቱዋ ኩባንያ ፋኖችንም አይቼ ነበር። በጣም ጥሩ ናቸው፣ ግን ዋጋቸው! ከማቀዝቀዣው ጋር አብረው የመጡት ፒ12 ፋኖች ጥቅጥቅ ባለው ራዲያተር ውስጥ አየር ገፍተው ለማሳለፍ በቂ ጉልበት አላቸው። ገንዘቡን ለኬዝ ፋንና ለአቧራ ማጣሪያ አውሉት። በበጋ ከሁለት ወር በኋላ የፊቱን ማጣሪያ ስነቅለው ግራጫ ብርድ ልብስ ለብሶ አገኘሁት።

አንድ የማይነገር ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፤ ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም የሚገፋው አየር በክብደት ሲታይ 20 ከመቶ ያህል ያንሳል። ዝቅተኛ ቦታ ላይ የተለካን ዲግሪ እዚህ እንዳለ አትጠብቁ። እኔ ፋኖቹን ትንሽ ፈጠን አድርጌያቸዋለሁ።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ግን በነጻ የሚገኘው ነው፦ ባዮስ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ገብቶ ኢኮ ሞድን፣ ማለትም የኃይል ቆጣቢውን አሠራር፣ 105 ዋት ላይ ማድረግ። ያኔ የፕሮሰሰሩ ከፍተኛ ፍጆታ ወደ 142 ዋት ይወርዳል። ሬንደሩ ትንሽ ይዘገያል፣ ግን ሙቀቱ ከ70 ብዙም አያልፍም፣ ማታ ልጆች ተኝተውም መሥራት ይቻላል። ሙሉ ኃይሉን የምለቀው ደንበኛ ሲያስቸኩለኝ ብቻ ነው።

ራይዘን 5 7600 ይዛችሁ ጌም ብቻ የምትጫወቱ ከሆነ ግን ይሄ ሁሉ አያስፈልጋችሁም። ደህና የአየር ማቀዝቀዣ ገዝታችሁ የተረፈውን ለግራፊክስ ካርዱ ጨምሩበት።