ፍም የማይበሳው ጣውላ
ሳሎኔና ኮሪደሬ 20 በ120 ሴንቲ ሜትር በሆነ እንጨት መሰል ፖርሴሊን (ጠንካራ የሴራሚክ ንጣፍ) ከተነጠፉ ክረምትም በጋም አልፎባቸዋል። ቀለሙ ወደ ዋንዛ የሚያደላ፣ ፊቱ ደብዛዛ ነው። የሚያብለጨልጭም ይሸጣል፤ እንጨት ነኝ እያለ ፊት የሚያሳይ ወለል ግን እኔ አልገዛም።

ያስደሰተኝ ከሁሉ በላይ ቡና ሲፈላ ነው። በቤቴ ቡና የሚፈላው በከሰል ስለሆነ ፍም መውደቁ አይቀርም። አንስቼ አመዱን በእርጥብ ጨርቅ ስጠርገው ምልክቱ እንኳን የለም፤ ላሚኔት (የተጨመቀ የእንጨት ወለል) ቢሆን ኖሮ ጥቁር ጠባሳ ይዞ ይቀር ነበር። ለነገሩ 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የተተኮሰ ዕቃ ፍም ምን ያደርገዋል? እርጥብ ቄጤማ ሲጎዘጎዝበት ቢውልም አያብጥም፤ ፖርሴሊን ለመባል የሚመጠው ውሃ ከክብደቱ 0.5 በመቶ መብለጥ የለበትም። የፈሰሰ ወጥ በሳሙና ይለቃል። ቅባት የሚይዘው መገጣጠሚያው ስለሆነ በነጭ ሳይሆን በቡናማ መሙያ አስሞልቼዋለሁ።

እንጨት ይመስላል? ለእንግዳ አዎ። ለባለቤቱ ግን መንታ መንታው እየታየው ይሄዳል፤ መስኮቱ ሥር ያለው ጉጥ በሩ አጠገብም ቁጭ ብሏል። ምስሉ በማተሚያ የታተመ ነውና ርካሹ ዓይነት ጥቂት ምስሎችን ይደጋግማል። ከመግዛታችሁ በፊት ከተለያዩ ካርቶኖች አውጥታችሁ መሬት ላይ ደርድራችሁ እዩ። ካርቶኑ ላይ የታተመውን የምርት ምድብ ቁጥርም አንብቡ። የሸጠልኝ ባለ ሱቅ «ሁሉም አንድ ነው» ብሎ ሁለት ምድብ ቀላቅሎ ሊጭንልኝ ነበር፤ ጎን ለጎን ስናቆማቸው አንዱ ቀላ ብሎ ታየ፣ እሱም ዝም አለ።

ከዕቃው ይልቅ የሚያሰጋው አነጣጠፉ ነው። ሠራተኛው «እናቴ፣ እንደ ጡብ ግማሽ በግማሽ ነው የሚያምረው» ብሎ ድርቅ አለ። ሁለቱን ፊት ለፊት ገጥሜ አሳየሁት፤ መሃላቸው ሲነካካ በጫፋቸው በኩል ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት ታየ። ረጅም ንጣፍ መሃሉ ላይ በጥቂቱ ስለሚያብጥ፣ የአንዱ መሃል ከሌላው ጫፍ ጋር ከገጠመ እግር የሚያደናቅፍ ከንፈር ይወጣዋል። ስለዚህ ከርዝመቱ ሲሶ ብቻ እያዛነፈ አነጠፈው፤ ሲጨርስ ወለሉ ላይ እጁን እየጎተተ ሄዶ «ልክ ነሽ» አለኝ። ማጣበቂያው ከሥሩ ሙሉ በሙሉ መዳረሱንም በሳንቲም እየቆረቆርኩ አረጋግጫለሁ፤ ባዶው ቦታ ድምፁ ይለያል።

ግድግዳ ላይ ግን አልወደድኩትም። እህቴ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ለጥፋዋለች። ሶፋው ላይ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ሲያዩት ኅትመትነቱ ያስታውቃል። ደግሞም 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው በካሬ ሜትር ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝን አንዳንድ የጂፕሰም ክፍልፍል አይሸከመውም። ለመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ግን ግሩም ነው። ለመታጠቢያ ቤት ወለል ከሆነ እንዳያንሸራትት የመንሸራተት መከላከያ ደረጃው አር10 (R10) ወይም ከዚያ በላይ የሚል ጠይቁ።

የነሐሴ ጠዋት ቅዝቃዜው በባዶ እግር አያስረግጥም፤ ስለዚህ ምንጣፍ አንጥፌበታለሁ። ዋጋውም ከተራው ሴራሚክ ከፍ ይላል። ስትገዙ ለቁርጥራጭ 10 በመቶ ያህል ጨምሩ፤ የተረፈውን አትመልሱ፣ አንድ ቢሰበር ያንኑ ምድብ ሱቅ ውስጥ አታገኙትም።