ባለ አራት ቀለበት የድርቆሽ መሰብሰቢያ ከሁለት አጨዳ በኋላ፦ ጥርሱን ቁጠሩ

ከታሰረ ድርቆሽ ውስጥ የጣት ርዝመት ያለው የብረት ቁራጭ ከወጣ በኋላ ስለዚህ መሣሪያ ሌላ ነገር ማስቀደም አይቻልም። ቁራጩ የመሰብሰቢያው፣ ማለትም የታጨደውን ሳር ጠርጎ በረድፍ የሚያከማቸው መሣሪያ፣ የራሱ ጥርስ ነው።

እያንዳንዱ ቀለበት 40 ጥርስ አለው፤ በአራቱ 160 ማለት ነው። አንዱ ሲሰበር ከትራክተሩ ወንበር ላይ አይታይም፣ አይሰማም፤ ሥራውም አይስተጓጎልም። ቁራጩ ከሳሩ ጋር ተጠቅልሎ ድርቆሽ ማሰሪያው ማሽን ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ መኖ መክተፊያው ላይ ስለት ይሰብራል፣ ስብርባሪው ደግሞ ግርግም ውስጥ ይወድቃል። ላም መኖዋን በደንብ ሳታኝክ ነው የምትውጠው፤ ብረት ለይታ አትተፋም። ብረቱ በሁለተኛው የሆድ ክፍል ይቀመጥና ግድግዳውን ይወጋል። ልቧ ያለው ከዚያ ፊት ለፊት፣ ጥቂት ሴንቲሜትር ራቅ ብሎ ነው።

ሻጮች «ከመጎተት በቀር ከትራክተሩ ኃይል አይወስድም፣ በመሬቱና በሳሩ ግፊት ብቻ ይሽከረከራል፣ ትንሽ ትራክተርም ይጎትተዋል» ይላሉ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። «ስለዚህ ጥገና የለውም» የሚሉት ግን ውሸት ነው። በመሬት የሚሽከረከር ነገር መሬቱን እየታከከ ነው የሚውለው፤ ጥርሱ የሚያልቀውም በዚሁ ነው።

ጥርስ የሚሰበረው ከቀለበቱ በሚወጣበት እጥፋት ላይ ነው። ዋናው ምክንያት ቀለበቶቹ መሬት ላይ መጫናቸው ነው። እንደ ሱሉልታ ባለ ሜዳ ላይ ድንጋዩና የፍልፈል ቁልሉ በሳር ተሸፍኖ ስለማይታይ ጉዳቱ ይብሳል። ሁለተኛው ሳያነሱ ወደ ኋላ መሄድ ወይም ማሳ ጫፍ ላይ መጠምዘዝ ነው። ከመጠምዘዝ በፊት ማንሳት፣ ሁልጊዜ።

አገጣጠሙ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ትራክተሩን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙ፤ የሁለቱ የኋላ ጎማዎች ነፋስ እኩል ይሁን። መሣሪያው ከትራክተሩ ጋር የሚያያዝባቸውን የታችኞቹን ክንዶች አስተካክሉና የላይኛውን ክንድ እያጠበቃችሁ ወይም እያላላችሁ የመሣሪያውን ዋና ብረት ከመሬቱ ጋር እኩል አድርጉ። የፊቱ ከፍ ካለ የመጀመሪያው ቀለበት ይንሳፈፋል፣ የመጨረሻው ይቆፍራል። ከዚያ የሞላውን (የስፕሪንጉን) ውጥረት አስተካክሉ፤ ቀለበቱ በአንድ እጅ በቀላሉ ብድግ ማለት አለበት፣ የጥርሱ ጫፍም መሬቱን ዳበስ ብቻ ያድርግ። 20 ሜትር ያህል ነድታችሁ ውረዱና ረድፉን በእጃችሁ ግለጡት። አፈርና ያለፈው ዓመት የበሰበሰ ሳር ካለበት አሁንም ተጭኗል። ሳር ከኋላ ከቀረ ደግሞ በጥቂቱ ዝቅ አድርጉ። የተወሰነ ሳር ሜዳው ላይ ቢቀር ይሻላል፤ አፈር የበላች ላም ወተት አትጨምርም።

ፍጥነት በሰዓት ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ይበቃል። ሲፈጥን ሳሩን እንደ ገመድ ይገምደዋል፤ የተገመደው ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይታሰርና ይሻግታል። ማገጥ የበዛበት ሳር ደግሞ ጠዋት ጤዛው ሳይለቅ ይሰብሰብ፤ በቀትር ፀሐይ ቅጠሉ ረግፎ እንጨቱ ብቻ ይቀራል፤ የተገዛበት ጥቅሙ ደግሞ ቅጠሉ ላይ ነው።

ኩሽኔታዎቹ ግሪስ እስከተሰጣቸው ድረስ እንከን የለባቸውም። ብሎኖቹን ከመጀመሪያው ቀን ሥራ በኋላ ደግሞ ማጥበቅ ያስፈልጋል።

ለሽያጭ ብቻ ድርቆሽ ለሚያመርት ይህ መሣሪያ ሲበዛ ርካሽ አማራጭ ነው ይባል ይሆናል፤ እኔ ግን የገዢውም ላም ላም ናት እላለሁ። የራሱን ከብት ለሚመግብ ሰው፣ ድንጋያማ መሬት ላይ፣ አልመክርም። እኔም ዛሬ ብገዛ ገንዘብ ጨምሬ ሌላ ዓይነት እፈልግ ነበር። የገዛችሁ ግን ከአጨዳው በፊት ቢያንስ 20 መለዋወጫ ጥርስ ያዙ፤ እያንዳንዱን ጥርስ ከቀለበቱ ጋር በቀጭን የብረት ገመድ እሰሩት። ናይሎን አይሁን፣ እሱም ተበጥሶ መኖ ውስጥ ይገባል። ከእያንዳንዱ ማሳ ስትወጡም ማሰሪያው ሳይገባ 160ውን ቁጠሩ። 159 ከሆነ ቁራጩ ያለው ከረድፎቹ በአንዱ ውስጥ ነውና እስኪገኝ በመንሽ ፈልጉት።