አሥራ አራት ካሴት፣ አንድ ፍላሽ

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ስትሄዱ፣ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ሰማያዊ ኮንቴነር ሱቅ አለች። ታፔላ የላትም። በሩ ላይ በማርከር «ካሴት ወደ ፍላሽ እንገለብጣለን» ተብሎ ተጽፏል። ሞባይልም ይጠገንባታል፣ ካርድም ይሸጥባታል። እኔን የወሰደኝ የአባቴ ካሴት ነው።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ሳሪስ እያለን ከሲንጀሩ ጎን ቴፕ አይጠፋም። ጥላሁን ገሠሠ፣ ማሕሙድ አሕመድ፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ከዚያ ደግሞ ጥላሁን። ኦርጋን ብቻውን የሚንጫጫበት ዘፈን ከመጣ ፊቱ ይጨማደዳል። «ሳክስፎኑ የት ሄደ?» ይላል። አሁን እኔም እላለሁ፣ ባሌ ይስቅብኛል። በ2001 ዓ.ም. ጥላሁን በፋሲካ ያረፈ ጊዜ፣ እስከ አርባው ያ ቴፕ አልተከፈተም። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው መቀስ ብቻ ነበር።

ወደ ሱቋ ልመለስ። ዋጋው ለአንድ ካሴት 150 ብር ነው። አሥራ አራት ስላመጣሁ የሱቁ ልጅ 120 አደረገልኝ። መጀመሪያ ውድ መስሎኝ ነበር። ግን ካሴት እንደ ስልክ ፎቶ በአንዴ አይላክም። የ60 ደቂቃ ካሴት ለመገልበጥ 60 ደቂቃውን ሙሉ መጫወት አለበት። ልጁ መጀመሪያ የዴኩን (የካሴት ማጫወቻውን) ሄድ፣ ማለትም ክሩን የሚያነበውን ብረት፣ አልኮል በነካ ጥጥ ጠረገ። የላላውን ክር በቢክ እስክሪብቶ አዙሮ አጠበቀ፣ ልክ እንደ አባቴ። ክሩን ከሄዱ ጋር የምታገናኘው ትንሿ ስፖንጅ የረገፈችበትን ካሴት ደግሞ ብሎኑን ፈትቶ ከሌላ አሮጌ ካሴት ላይ ነቅሎ ለጠፈለት። ቁጭ ብዬ አየሁት። እጁ ረጋ ያለ ነው።

«ማዘር፣ በኤምፒስሪ ነው በዌቭ?» አለኝ። አርባ አንድ ዓመቴ ነው፣ ማዘር! ሁለቱም የድምፅ ፋይል ዓይነቶች ናቸው። ዌቭ ለአንድ ሰዓት ወደ 600 ሜጋ ይበላል፣ ግን ድምፁን አይጨምቀውም። ዌቭ አልኩት። አሥራ አራቱም ባለ 16 ጊጋ ፍላሽ ላይ ገብተው ቦታ ተረፈ።

አንዱ ጥላሁን ላይ ሲደርስ ግን አቆመው። ልጅ እያለሁ ቴፑ የበላው ካሴት ነው። መሃል ላይ ድምፁ ወደ ታች ይሰምጣል፣ አንዲት ቃል ትዋጣለች፣ ከዚያ ይቀጥላል። «ይቺን ላስተካክላት?» አለኝ። እንዳትነካት አልኩት። እኔ ያንን ዘፈን የማውቀው በዚያች ጉድጓድ ነው። ትልቅ ሆኜ ታክሲ ውስጥ ሙሉውን ስሰማ ዘፋኙ የተሳሳተ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ዕቃ እያጠበች ታንጎራጉራለች። ፍላሹ ከገባ ሦስት ሳምንቱ ነው። ያቺ ቦታ ላይ ስትደርስ ድምጿን ወደ ታች ሰመጥ አደረገችው፣ ቃሏን ዋጠች፣ ቀጠለች። ውሃውን ዘጋሁባት። «ድገሚው» አልኳት። ደገመችው፣ ከነጉድጓዱ።

አሁን ወደ ወቀሳው። መጀመሪያ የሰጠኝ ዘፈኖቹን አንድ በአንድ ቆራርጦ ነበር። ስፒከሩ ላይ ሲገባ ከአንድ ቀጥሎ አሥር፣ ከአሥር ቀጥሎ አሥራ አንድ። እኔ ደግሞ አንዱ ዘፈን አልቆ ክሩ ሽሽሽ ሲል የሚመጣውን ጀምሬዋለሁ። የአባቴ ካሴት ቅደም ተከተሉ ሲጠፋ የሌላ ሰው ካሴት ሆነብኝ። መልሼ ወሰድኩለት። አልተከራከረኝም፣ ሳያስከፍለኝ የካሴቱን አንድ ገጽ እንደ አንድ ዘፈን አድርጎ ሠራልኝ። «ለነገ» ያለው ግን አራት ቀን ፈጀ። መብራት ሄዶብኝ ነው አለ፣ ያሳምናል፤ ሰፈራችን ነው። ደግሞ ከካሴቶቼ መሃል የማላውቃቸው ሰዎች ሠርግ ተቀላቅሎ መጣ። ሠርጉን ግማሽ ድረስ ሰምቼ መለስኩ።

እኔ እንደገና እሄዳለሁ፣ የእናቴ ካርቶን ገና አልተከፈተም። የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ሂዱ፣ ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። «አትቁረጠው» ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት። ማዘር ማለቱን ግን ብትነግሩትም አይተውም።